«ደረሰ» ማለት የት ነው? የመልእክት ማድረስ ቃላት ታሪክ ከእንጦጦ እስከ እጅ ስልክ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚባል ሰፈር ይገኛል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኞች በሰጡት ቦታ ላይ ከተቋቋመው ግቢ ነው። «ለጋሲዮን» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን የላቲን መነሻው «ወክሎ መላክ» የሚል ፍቺ አለው። በግዕዝ «ለአከ» ከሚለው ግሥ የተገኙት «ልኡክ»፣ «መልእክት» እና «መልአክ»፣ በአማርኛም «ላከ»፣ «ላኪ» እና «ተላላኪ» የሚሉት ቃላት ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ይኖራሉ። እንግዲህ የሰፈሩ ስም፣ ነዋሪው ልብ ባይለውም፣ «የተላኩት ሰዎች ቦታ» እንደ ማለት ነው።

ዛሬ በዚህ ሰፈር የሚኖር አንድ ተቀጣሪ፣ የሚሠራበት ድርጅት የጻፈለትን ደብዳቤ የሚያገኘው ከኪሱ ነው። ደብዳቤው በመጀመሪያ ለድርጅቱ መልእክት በተመደበ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በሬዲዮ ሞገድ ተሻግሮ በእጅ ስልኩ ላይ ይታያል። አሠራሩ አዲስ ነው፤ በአማርኛ የምንገልጽባቸው ቃላት ግን የልዩ ልዩ ዘመን ልጆች ናቸው። አንዳንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዳንዱ ከፖስታ ቤት፣ አንዳንዱ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የመጣ ሲሆን፣ የቀረው ከእንግሊዝኛ የኮምፒዩተር ቃላት በቀጥታ የተተረጎመ ነው።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ቃላት ታሪክ ባጭሩ ይከታተላል። የሚመራውም በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አማርኛ ተናጋሪ «መልእክቱ ደረሰ» ሲል መልእክቱ የደረሰው የት ነው የሚል ነው። ከሰውየው እጅ ነውን? ከሣጥኑ ነውን? ወይስ ከመዝገቡ? መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ግሡ ግን እንዳለ ቆይቷል። ተርጓሚ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ሲቀር የሚጎዳው የጽሑፉ ውበት ብቻ አይደለም። ከታች እንደምናየው፣ የአንድ ሠራተኛ መብትና ንብረት በዚሁ ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

2. ከእጅ ወደ እጅ

ምኒልክ በእንጦጦ ከትመው በነበሩበት ዘመን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበትም ጊዜ፣ መልእክት የሚጓዘው በሰው እግርና በበቅሎ ነበር። እግረኛው መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ አስፈላጊም ሲሆን በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረውን ነገር በቃሉ ያደርሳል። በዚህ አሠራር መልእክቱና መልእክተኛው አይለያዩም። መልእክቱ ደረሰ ማለት መልእክተኛው ደረሰ ማለት ነው።

የደብዳቤ አጻጻፍ ሥርዓታችን ለዚህ ምስክር ነው። የቀድሞ ደብዳቤዎች መክፈቻ «ይድረስ» የሚለው ቃል መሆኑ ይታወቃል። ይህ ቃል የሰላምታ ጌጥ ሆኖ ከመቆጠሩ በፊት እውነተኛ ምኞትን ይገልጥ ነበር። መንገዱ ሩቅ፣ ወንዙ ሙላት፣ በረሃው ሽፍታ ያለበት በመሆኑ የደብዳቤው መድረስ አስቀድሞ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ላኪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፈው የመልእክቱን ፍሬ ነገር ሳይሆን የመድረሱን ምኞት ነበር። «ይድረስ» የሚለውም ከሰው ስም ጋር ይሄዳል እንጂ ከቦታ ወይም ከዕቃ ስም ጋር አይሄድም። በዚያ ዘመን «ደረሰ» የሚለው ግሥ መዳረሻው ሰው ነበረ።

ከዚሁ ዘመን ቃላት አንዱ «ጦማር» ነው። ቃሉ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ሲሆን የተጻፈ ጥቅልልን ወይም ደብዳቤን ያመለክት ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ በኢንተርኔት ለሚወጣ የግል ጽሑፍ መጠሪያ ሆኖ ተነሥቷል። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው፣ አሮጌ ቃል ለአዲስ ነገር ሲውል ሥሩ ሳይነቀል መሄድ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

3. ወደ ሣጥን

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ የአንበሳውን ምስል የያዙ ነበሩ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። «ፖስታ» የሚለው ቃል ከውጭ ገብቶ እጅግ ተስፋፋ፤ መሥሪያ ቤቱን፣ የሚላከውን ደብዳቤና የደብዳቤውን መክተቻ ሦስቱንም አጠቃልሎ መጠሪያ ሆነ።

ከቋንቋ አንጻር ትልቁ ለውጥ ግን ቃሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው የፖስታ አሰጣጥ ደብዳቤውን ወደ ተቀባዩ ቤት የሚያመላልስ አይደለም። ተቀባዩ በፖስታ ቤት ሣጥን ይከራያል፤ ቁልፉን ይዞ ሄዶ ሣጥኑን ከፍቶ ይወስዳል። «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለው ምሕጻረ ቃል በየድርጅቱ ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሰፈረው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን መልእክቱ የሚደርሰው ከሰውየው ዘንድ ሳይሆን ከሣጥኑ ነው፤ ከሣጥኑ እስከ እጁ ያለውን መንገድ የሚሄደው ራሱ ተቀባዩ ነው። «ደረሰልኝ» በሚለውና «ከሣጥን አወጣሁት» በሚለው መካከል የቀናት፣ አንዳንዴም የሳምንታት ልዩነት ሊኖር ይችላል።

በዚሁ ዘመን የገባው ስልክ ታሪኩ ከዚህ ይለያል። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ፍቺው «ሽቦ» ማለት ነው። ሰዉ መሣሪያውን የጠራው በዐይኑ በሚያየው ነገር፣ ማለትም ከእንጨት እንጨት በተዘረጋው ሽቦ ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን የእጅ መሣሪያ ያለ አንዳች ቅሬታ «ስልክ» እንለዋለን። ሥርወ ቃሉን በጥብቅ ለሚከተል ሰው «ሽቦ አልባ ስልክ» የሚለው ሐረግ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» እንደ ማለት ይሆንበታል። ሆኖም ማንም አይሳሳትም፤ ምክንያቱም ቃሉ የመጀመሪያ ፍቺውን ለቅቆ በሥራው የታወቀ ሆኗል። የተዋሰ ቃል አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ምሳሌያዊ ፍቺ ስለማያስከትል ነገሩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

4. መዝገብ ቤት

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ ወዲህ የመንግሥት ሥራ ቀስ በቀስ ከአፍ ትእዛዝ ወደ ጽሑፍ ተሸጋገረ። በዚህ ሂደት የተወለደው መዝገብ ቤት ለርእሳችን ከፖስታ ቤት ይልቅ የቀረበ ነው። አሠራሩ ለአንባቢ የታወቀ ቢሆንም ቃላቱን ለመለየት በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። ከውጭ የመጣ ደብዳቤ በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ይቀርባል፤ ቀንና ቁጥር ተሰጥቶት «ገቢ» ይሆናል። ከዚያ ወደሚመለከተው ኃላፊ ይመራል። ተላላኪው ደብዳቤውን ከማስረከቢያ ደብተር ጋር ይዞ ይሄዳል፤ ተቀባዩም በደብተሩ ላይ ይፈርማል። መልሱ ሲዘጋጅ በመጀመሪያ «ረቂቅ» ይሆናል፤ ሲፈረም «ወጪ» ቁጥር ያገኛል። «ጉዳዩ»፣ «አባሪ» እና «ግልባጭ» የሚሉት የደብዳቤው ክፍሎች ናቸው።

እዚህ ላይ «ደረሰ» የሚለው ግሥ ለሁለት ይከፈላል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ ለመሥሪያ ቤቱ ደርሷል፤ ለሰውየው ግን ገና ነው። ለሰውየው የሚደርሰው ሲፈርም ነው። የፊርማው ማስረጃ «ደረሰኝ» መባሉም ልብ ሊባል ይገባል፤ «እኔ ዘንድ ደረሰ» የሚለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር በጊዜ ብዛት ስም ሆኗል። አማርኛ የመድረስን ማረጋገጫ የሰየመው በተቀባዩ አፍ ነው፤ «አደረስሁ» ብሎ በላኪው ወይም በአድራሹ አፍ አልሰየመውም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነው ቢባል እንኳ የሚያስተምረው ነገር አለ።

መዝገብ መግባትና ለሰው መድረስ አንድ አለመሆናቸውን ከታሪካችን በላይ የሚያስረዳ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በ1863 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንደን ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደርሶ ነበር። ደብዳቤው ከዚያ ተቀመጠ፤ መልስ አልተሰጠውም። ንጉሠ ነገሥቱም መልስ በማጣታቸው የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ፤ ነገሩ ተካሮ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተፈጸመ። ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ «ደረሰ» የተባለው ደብዳቤ መልስ ሊሰጥ ከሚችለው ሰው ዘንድ እንደ ደረሰ ሊቆጠር አልቻለም።

5. የኤሌክትሮኒክ መልእክት አመጣጥ

በኮምፒዩተር መረብ የሚላክ መልእክት የተጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ሬይ ቶምሊንሰን በተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዋና ዋና ደንቦች ወጡ። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው መልእክትን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ስለ ማስተላለፍ የሚደነግግ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ተቀባዩ መጥቶ ከሣጥኑ መልእክቱን ስለሚወስድበት ሁኔታ ይወስናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ሥራው የተጀመረው ሦስተኛው ደንብ ደግሞ መልእክቱ ባለበት እንደተቀመጠ ተቀባዩ መጥቶ እንዲያነብበው ያስችላል። አንባቢ እንደሚመለከተው ሁለተኛው የፖስታ ሣጥን ሥርዓት ነው፤ ቁልፍ ይዞ ሄዶ ማውጣት ነው። ሦስተኛው የመዝገብ ቤት ሥርዓት ነው፤ ዋናው ፋይል ከመዝገብ ቤት ሳይወጣ ቀርቦ መመልከት ነው።

በአዲስ አበባ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ከኢንተርኔት ቀድሞ ገብቷል። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው የመላው አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት፣ በአጠራሩ «ፓዲስ»፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገደማ በስልክ መሥመር የሚሠራ የመልእክት መረብ ያካሂድ ነበር። ኮምፒዩተሩ መልእክቶችን ሰብስቦ ያቆያል፤ በተወሰነ ሰዓት ስልክ ደውሎ ያለውን አስረክቦ የመጣለትን ይቀበላል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔም ተጠቃሚው በስልክ ደውሎ ገብቶ መልእክቱን ወስዶ መሥመሩን ይዘጋ ነበር።

ይህን ሰብስቦ ማቆየትና በጊዜው ማስተላለፍ በአማርኛ «አከማችቶ መላክ» ማለት ተለምዷል። ይሁን እንጂ ማከማቸት ብዛትን እንጂ መጠበቅን አያሳይም። «አሳድሮ ማስተላለፍ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል፤ መንገደኛው መልእክተኛ በመሸበት አድሮ በማለዳ እንደሚነሣ ሁሉ፣ መልእክቱም በየጣቢያው እያደረ ይሄዳልና። ዛሬም በእንጦጦ ተራራ ላይ ይኸው አሠራር ይታያል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ያነሣችውን ምስል በውስጧ ታሳድር ነበር፤ ወደ ምድር የምታወርደው በእንጦጦው መቀበያ ጣቢያ አናት ስታልፍ ነበር። ከመልእክተኛው በትር እስከ ሳተላይት ድረስ ተራራው ያየው ሥርዓት አንድ ነው።

ማደር ግን ወሰን አለው። አሁን የሚሠራበት የማስተላለፊያ ደንብ ላኪው ኮምፒዩተር ተቀባዩን ባጣው ጊዜ ቢያንስ ለአራት ወይም ለአምስት ቀናት ደጋግሞ እንዲሞክር ይመክራል፤ ከዚያ በኋላ መልእክቱ ወደ ላኪው ይመለሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የመልእክት ኮምፒዩተሩ ከተቋረጠው መሥመር ውስጥ የሚገኝ ድርጅት ከውጭ የተጻፈለት ደብዳቤ ተስፋ ተቆርጦበት ይመለሳል። ኮምፒዩተሩ በውጭ አገር የሚገኝ ድርጅት ደብዳቤ ግን በዚያው ገብቶ ይጠብቃል፤ የሚዘገየው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ መልእክቱ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ዝርዝር ሆኖ አይቀርም።

በፊደላችን መጻፍም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ተቀባዩ ያንኑ የፊደል ቅርጽ በኮምፒዩተሩ ካልጫነ በስተቀር ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። መልእክቱ ደርሷል፤ ቃሉ ግን አልደረሰም።

6. ወደ እጅ ስልክ

በኢትዮጵያ የእጅ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተሠራው ብላክቤሪ የተባለው መሣሪያ የድርጅት መልእክት ሠራተኛው ሳይጠይቅ ኪሱ ድረስ እንዲመጣለት አደረገ። መልእክቱ ከድርጅቱ ኮምፒዩተር ተነሥቶ በአምራቹ ማእከል በኩል አልፎ በስልክ ኩባንያው ሞገድ ይደርስ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2005 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ አገልግሎት ያለ አማካይ ማእከል ማቅረብ ቻለ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የአፕል ስልክም ይህንኑ ተቀበለ። በአዲስ አበባ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነገሩ ለብዙ ተቀጣሪ የዕለት ተዕለት ሆነ።

እንግሊዝኛው ይህን አሠራር «መግፋት» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ አንዳንድ ተርጓሚዎችም «የሚገፋ መልእክት» ብለው ተርጉመውታል። የአማርኛው «ገፋ» በደልን፣ ማራቅንና ማባረርን የሚያስታውስ በመሆኑ ለጆሮ ይከብዳል፤ ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር በሥራው ላይ የሚገፋ ነገር አለመኖሩ ነው። የስልኩ አድራሻ ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥና ኔትወርኩም ከውጭ የሚመጣን ጥሪ ስለሚያግድ፣ የድርጅቱ ኮምፒዩተር ስልኩን ፈልጎ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስልኩ ነው። «በሚቀጥሉት ደቂቃዎች አዲስ ነገር ቢመጣ ንገረኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተሩም መልሱን ይዞ ይጠብቃል። ደብዳቤ ሲገባ ወዲያው ይመልስለታል፤ ካልገባና ጊዜው ካለፈ ስልኩ ጥያቄውን ያድሳል።

ይህን ለሚያውቅ ሰው ምሳሌው ከመሥሪያ ቤታችን አይርቅም። በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ተላላኪ ማለት ነው። ኃላፊው የላከው ተላላኪ ከደጅ አይጠፋም፤ ደብዳቤው ቁጥር እንዳገኘ ተቀብሎ ይሮጣል፤ ከመሸ ግን ተነሥቶ በማግስቱ ይመለሳል። ከውጭ ሲያዩት ደብዳቤው ራሱ የመጣ ይመስላል፤ የመጣው ግን ጠባቂ ስለነበረው ነው። በዚህ ምክንያት «የሚገፋ መልእክት» በሚለው ፈንታ «ወዲያው የሚደርስ መልእክት» ማለት እውነቱን ይናገራል። ተቃራኒውንም «ሲጠየቅ የሚመጣ መልእክት» ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተላላኪው የጋራ ሆኗል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፕል፣ ቀጥሎም ጉግል፣ ስልኩ አንድ መሥመር ብቻ ከፍቶ የሁሉንም ፕሮግራሞች ማሳወቂያ በእርሱ በኩል እንዲቀበል አድርገዋል። ባትሪ ይቆጥባል። ነገር ግን መገናኛ ያለ ድርጅት ኮተቤ ላለ ሠራተኛው የሚልከው ማሳወቂያ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ፣ ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል።

7. «አገልጋይ» ሲያዝዝ

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። መልእክቱን የሚያሳድረው ኮምፒዩተር በእንግሊዝኛ «ሰርቨር» ይባላል፤ በአማርኛም «አገልጋይ» ተብሎ ተተርጉሟል። ትርጉሙ በተተረጎመበት ዘመን ስሕተት አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ካልተጠየቀ አይናገርም። በዚህ ዐይን አገልጋይ መባሉ ይገባዋል።

ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ከወዲያው መድረስ ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣ። ሠራተኛው የድርጅቱን መልእክት በገዛ ስልኩ ላይ ሲከፍት፣ ሰርቨሩ ስልኩን የመቆጣጠር ሥልጣን እንዲሰጠው ይጠየቃል። ሥልጣኑ የይለፍ ቃል ማስገደድን፣ ስልኩን መቆለፍን፣ በቀድሞው አሠራርም በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሩቅ ማጥፋትን ይጨምራል። ስልኩ ቢሰረቅ ይህ የድርጅቱን ምሥጢር ይጠብቃል። ሠራተኛው ከሥራ በሚሰናበትበት ጊዜ ግን የልጁን ልደት ፎቶግራፍና የእናቱን ድምፅ አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጡት የአንድሮይድ ስልኮች ጀምሮ የሥራውን ክፍል ከግሉ ለይቶ ማስቀመጥ ተችሏል፤ በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ስልክ ሲሆን የሚጠፋው የድርጅቱ ክፍል ብቻ ነው። ሁሉም ድርጅት ግን ይህን መንገድ ይመርጣል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ይህን የፈቃድ ጥያቄ የሚተረጉም ባለሙያ «አገልጋዩ መሣሪያዎን እንዲያስተዳድር ይፈቅዳሉ?» ብሎ ቢጽፍ ሠራተኛው ምን ይረዳል? «አገልጋይ» በአማርኛ የሚታዘዝ ሰው ነው፤ በቤት የሚላላክ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚቀድስ ነው። አገልጋይ የጌታውን ዕቃ ያነሣል፣ ያስቀምጣል እንጂ አያጠፋም። «ማስተዳደር» ደግሞ ቤተሰብ መርዳትን፣ ማብላትና ማጠጣትን የሚያስታውስ ደግ ቃል ነው። ሁለቱ ደጋግ ቃላት ተጋጥመው አንድ አስፈሪ ሥልጣን ይሸፍናሉ። ሠራተኛው «እሺ» የሚለውን ይነካል፤ የፈቀደውን ግን አላወቀም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን ለግለሰቦች መረጃ ጥበቃ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ፈቃድ የሚለው ቃል ፍሬ የሚኖረው ግን ፈቃጁ ያነበበው አማርኛ እውነቱን ሲነግረው ነው።

«ደረሰ» የሚለውም ግሥ እዚሁ ላይ ይመለሳል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሞዴል ሕግ፣ ተቀባዩ የመረጃ ሥርዓት መርጦ ከሆነ መልእክቱ ከዚያ ሥርዓት ሲገባ እንደ ደረሰ ይቆጥረዋል። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ይህ «ገቢ ሆነ» ማለት ነው። ተቀጣሪው ስልኩ ተዘግቶ፣ ወይም ከተራራው ጀርባ ሞገድ አጥቶ ሳለ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከሰርቨሩ ቢገባ፣ «ማስጠንቀቂያው ደርሶታል» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለሕግ ባለሙያው አንድ፣ ለተቀጣሪው ሌላ ፍቺ ይሰጣል።

8. የቃላት አስተያየት

በ1964 ዓ.ም. ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ ሲሠራ፣ ሙያዊ ቃላትን መሰየም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። በዚያ ልምድ ላይ በመመሥረት የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመዝገብ ቤት የተወረሱት ቃላት ያለ ማሻሻያ ይጠበቁ። «ጉዳዩ»፣ «አባሪ»፣ «ግልባጭ»፣ «ረቂቅ»፣ «ገቢ» እና «ወጪ» ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገሩ አንድም ተጠቃሚ አላደናገሩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛው ምሳሌ ትርጉሞች ሳይሆኑ የገዛ ሥራችን ስሞች ናቸው።

ሁለተኛ፣ የአንዱ «ደረሰ» ሥራ ለሦስት ግሦች ይከፈል። መልእክቱ ከድርጅቱ ኮምፒዩተር ሲደርስ «ገባ»፣ ከስልኩ ላይ ሲታይ «ደረሰ»፣ ሰውየው ሲከፍተው «ተነበበ» ይባል። ሦስቱም ማንም የሚያውቃቸው ቃላት በመሆናቸው የሚጠይቁት ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ለመልእክት ኮምፒዩተሩ «አገልጋይ» የሚለው በመማሪያ መጻሕፍት ቢቀጥል ተቃውሞ የለንም። በፈቃድ መጠየቂያ፣ በውልና በሕግ ጽሑፍ ግን «ሰርቨር» የሚለው የተዋሰ ቃል ይሻላል፤ እንደ «ስልክ» ሁሉ የማይገባ ምሳሌ አያስከትልምና። ማብራራት ሲያስፈልግ «የመሥሪያ ቤቱ የመልእክት መዝገብ ቤት» ማለት ይቻላል። መዝገብ ቤት ደብዳቤ እንደሚያቆይ፣ እንደሚቆጥርና መሥሪያ ቤቱን እንደሚወክል ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል።

አራተኛ፣ ሥልጣን የሚሰጥ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱና ግሡ ሳይሸፈን ይጻፍ። ከላይ የጠቀስነው ጥያቄ «አሠሪዎ በዚህ ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የግል ፎቶግራፍዎን ጨምሮ፣ ከሩቅ ማጥፋት እንዲችል ይፈቅዳሉ?» ተብሎ ቢጻፍ ጥቂት ቃላት ይረዝማል። ሠራተኛው ግን የሚመልሰውን አውቆ ይመልሳል፤ ያን ጊዜ መልእክቱ ደረሰ ማለት ይቻላል።